የጧቷ ግማሽ ሰዓት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1956 ዓ.ም.

ዛሬ ጀመርኩ። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ ከሂሳብ በፊት፣ ግማሽ ሰዓት ንባብ። በየቀኑ። አቶ ገበየሁን አላስፈቀድኩም። ዲሬክተራችን ናቸውና ማስፈቀድ ነበረብኝ፤ ግን ብጠይቃቸው ይከለክሉኛል፣ ከከለከሉኝ ደግሞ እምቢ ማለት ይኖርብኛል። ገና በጥቅምት እምቢ ከማለት ዝም ብሎ መጀመር ይሻላል።

ሦስተኛ ክፍሎቼ እስካሁን የሚያነቡ መስለውኝ ነበር። "አንብቡ" ስላቸው የቀርከሃው ግድግዳ ምርጊት እስኪረግፍ ይጮኻሉ። በበራችን ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚያልፍ ሰው ሁሉ "እሰይ፣ ልጆቹ ይማራሉ" ይላል። እኔም እንደ መንገደኛው ደስ ይለኝ ነበር። ባለፈው ዓርብ በጩኸቱ መሀል ከአንዷ ልጅ እጅ መጽሐፉን ቀስ ብዬ ወሰድኩት። ባዶ እጇን እንደ ዘረጋች ገጹን እስከ መጨረሻው አነበበችው! ከጎኗ ያለችውም እንደዚሁ። ለካ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል፤ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ የሚያወርድ የለም።

አዲሱ ሕግ እንግዲህ ይኸው፦ አፍ ይዘጋል፣ ዓይን ይሠራል። እያንዳንዱ ለብቻው፣ በልቡ።

ዛሬ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሰማሁት ሳል ብቻ ነው። ግማሾቹ ጣሪያ ያያሉ፣ ግማሾቹ እኔን ያያሉ። ይሁን። ነገም አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

በጥድፊያ። ደርበው የሚባል ልጅ መጽሐፉን ገልብጦ ያያል። አዙሬ ሰጠሁት። መልሶ ገለበጠው። እንደገና አዞርኩለት፣ እንደገና ገለበጠው። ልጆቹ ሳቁ። ከበር ውጭ አቆምኩት። አዲስ አስተማሪ ናት ብሎ ያላግጥብኛል!

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ደርበው አያላግጥም ነበር። አከራዬ እማማ ደብሪቱ ነገሩኝ። ልጁ እዚህ ከመምጣቱ በፊት ከየኔታ ገብረ ማርያም ዘንድ ፊደል ቆጥሯል። የኔታ ያላቸው አንድ ዳዊት ነው፤ ልጆቹ ዙሪያውን ይቀመጣሉ፣ ደርበው ደግሞ ትንሽ ስለነበረ ቦታው ሁልጊዜ ከየኔታ ፊት ለፊት ነበር። ስለዚህ ፊደልን የሚያውቀው ተገልብጦ ነው። ዛሬ ያላየውን ገጽ ሰጠሁት። ገለበጠና ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰው፤ ምን ይላል ብዬ ስጠይቀውም ነገረኝ።

ይቅርታ አልጠየቅኩትም። አስተማሪ ተማሪን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። አንድ እርሳስ ሰጠሁት።

ያስቸገረችኝ ሸጋ ናት። የሽባባውና የበቀለች ልጅ፣ ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው። ገጹን ከፍታ ታፈጥበታለች፣ አትገልጥም። ስጠይቃት መልስ የለም። ሰነፍ ናት፣ ሌላ ምን እላለሁ። ዛሬ ደግሞ በንባቡ መሀል ከጎኗ ካለችው ልጅ ጋር በአገውኛ ስታንሾካሹክ ያዝኳት። አገውኛ በግቢው ክልክል ነው፤ አቶ ገበየሁ በየሰልፉ ይናገሩታል። ከበር ውጭ አቆምኳት። እኔም ዳንግላ ስማር እንደዚሁ ነበር፤ አልሞትኩም።

ምን ይባባሉ እንደነበር አላውቅም፣ አገውኛ አልችልም። "ላሚቱን ለምን ሸጠቻት፣ ጥጃ ነበራት እኮ" ዓይነት ነገር ነው። የሰፈራቸው ላም ትሁን የመጽሐፉ ላም እንጃ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

እንጅባራ ወርጄ መጣሁ። ለግማሽ ሰዓቷ የሚበቃ መጽሐፍ የለንም፤ ያሉትን ደግሞ ልጆቹ ከነሥዕላቸው ሸምድደዋቸዋል። ከባለ ሱቁ ከዓለምነው ዘንድ በርበሬና ስኳር የሚጠቀለልበት ያረጀ ጋዜጣ በክምር ተቀምጧል።

"ወረቀት ለምን ፈለግሽ? በርበሬ ልትነግጂ ነው?"

"ልጆች ሊያነቡት ነው።"

"ይሄን? ይሄ እኮ የካቻምና ወሬ ነው።"

"እነሱ አልሰሙትም።"

ሳቀና የሱቁን ስም በትልልቁ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ጻፍኩለት። አንድ እቅፍ ወረቀት ተሸክሜ ተመለስኩ። ከሰኞ ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ የጋዜጣ ቅጠል ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማታ በእሳቱ ብርሃን ያነባል፣ ጧት አንድ ነገር ይነግረኛል። የምትነበብ ነገር ትምህርት ቤት ብቻ ከቀረች ንባብ አይደለችም፣ ሥራ ናት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

የጧቱ ምክንያት፦ "ፍየል በላብኝ"፣ "እናቴ እሳት አያያዘችበት"፣ "አባቴ ጥይት ጠቀለለበት"። አንዱ ደግሞ ምንም ሳያፍር "አነበብኩት፤ ምንም አይልም" አለኝ። እሱን ወደድኩት። ቢያንስ ሞክሯል።

ሸጋ ዝም።

ውኃ ልቀዳ ምንጭ ወርጄ የሸጋን እናት ከሌላ ሴት ጋር አገኘኋቸው። ሰላም ብያቸው እንስራዬን ደቀንኩ። በቀለች ለሴትዮዋ በአገውኛ "ልጄ ማታ ማታ ወረቀት ላይ ታፈጣለች። ስጠራት አትሰማም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም" ትላታለች። ሴትዮዋም "ኧረ በስመ አብ በይ! እንዲያ የሚያደርግ ደብተራ ነው፤ ሲደግም ነው" አለቻት። በቀለች አማተበች።

ታዲያ ቤቷ እንዲያ የምታነብ ልጅ ክፍል ውስጥ ምን ይዘጋታል? ይህን ነገር እማማ ደብሪቱ ናቸው የነገሩኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እማማ ደብሪቱ ግን ዛሬ ምንጭ አልወረዱም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

በረዶ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ለቀቅን፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ ከዚያ ባቄላ የሚያህል በረዶ። የደረሰ ገብስ ላይ! ከወንዙ ወዲያ ማዶ የነሽባባውን ማሳ አንጥፎት ሄደ። ከወንዙ ወዲህ አንዲት ዘለላ አልተነካችም። ሽባባው መሀል ማሳው ላይ ቁጭ ብሎ አየሁት። ልቤ ተሰበረ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ግማሹ ክፍል ባዶ ነው።

ወሬው ትናንት ከገበያ ነው የተነሣው። በረዶ ወዶ አይወርድም፣ የሚጠራው ሰው አለ። የሚጠራውም ድምፁን ሳያሰማ፣ ወረቀት ላይ አፍጥጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር እንዲያ የሚያደርጉ እነማን ናቸው? የእኔ ሦስተኛ ክፍሎች! በረዶው ደግሞ የወረደው በማን ማሳ ነው? ማታ ማታ ወረቀት ላይ በምታፈጠው ልጅ አባት ማሳ። ነገሩ ሲሰማ እንዴት ያምራል! ድርቅ ያለ ውሸት ሆኖ እንኳ ሊያሳምነኝ ምንም አልቀረው።

ረፋድ ላይ በቀለች ከትምህርት ቤቱ በር ቆመች። አማርኛ አትችልም። ደርበው አስተረጎመ።

"'ልጄን ምን አስተማርሻት?' ትላለች።"

"ማንበብ በላት።"

"'ማንበብ ከሆነ እንደ ሰው ትጩህ! የኔታ ሲያነቡ ተራራው ይሰማቸዋል። ቄሱም ሲያነቡ እንሰማለን። አፉን ዘግቶ የሚያነብ ሰው ምን የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው?' ትላለች።"

"የሚደበቅ ነገር የለም" አልኩ፤ ደርበው ሲያስተረጉመው ይበልጥ የሚደበቅ ነገር ያለ መሰለ።

አቶ ገበየሁ ይህን ሁሉ ከቢሯቸው በር ሆነው ሰምተዋል። አስጠሩኝ።

"ወይዘሪት ማናለብሽ፣ ይህ ግማሽ ሰዓት የሚሉት ምንድን ነው? ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም አልፈቀደልኝም።"

"ታዲያ ይቁም።"

"አይቆምም፣ ጋሼ።"

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጸጥ ያለ ትምህርት ቤትና የማያጉረመርም ወላጅ ነው የሚፈልጉት። "ስሚኝ" አሉ፣ "ልጆቹ እስከ ገና ካልተመለሱ ወደ አውራጃው እጽፋለሁ። ንባቡም ይቀራል፣ አንቺም ወደምትላኪበት ትሄጃለሽ።"

"እስከ ገና ጊዜ ሰጡኝ ማለት ነው?"

"ማስጠንቀቂያ ነው የሰጠሁሽ!"

"ጊዜም ነው" ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

የቀሩኝን ይዤ ቀጥያለሁ። ደርበው አለ። "ምንም አይልም" ያለኝ ልጅ አለ። ሸጋ የለችም፤ እናቷ ገብሱን ታስለቅማታለች።

ለምን እንዲህ ሙጭጭ እንዳልኩ እማማ ደብሪቱ ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ይቅርብሽ፤ ደመወዝሽን ብይ" አሉ። መልሴን እዚህ ልጻፈው። ዳንግላ ስድስተኛን ስጨርስ ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። ያልሸመደድኩት ገጽ አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ስሄድ አንዲት አስተማሪ አዲስ መጽሐፍ ሰጠችኝና "አንቢው" አለችኝ። እየጮኽኩ አነበብኩላት፣ አንድ ፊደል አልሳትኩም። "ምን ይላል?" አለችኝ። ቃላቱ ሁሉ በአፌ አልፈዋል፣ አንድም በጭንቅላቴ አልገባም። ልጃገረዶቹ ዞረው አዩኝ። ያን ቀን ያቃጠለኝ እስካሁን ያቃጥለኛል! እነዚህን ልጆች ማንም "ምን ይላል?" ብሎ እንዲያሳፍራቸው አልፈቅድም። ወደ አውራጃውም ቢጻፍ፣ በረዶም ቢወርድ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ከዓለምነው ክምር ውስጥ አንድ ነገር አገኘሁ። ጋዜጣው ላይ በየሳምንቱ እየተቆራረጠ የወጣ ታሪክ። ያለምወርቅ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ የባሏ ወንድም ርስቷን ቀማት። እሷም ስንቋን ቋጥራ በእግሯ ወደ ዳኛ ሄደች። የድንበሩ ድንጋይ ሲተከል ያየ አንድ ሽማግሌ ብቻ አለ፤ እሱም የባሏን ወንድም ይፈራል።

ለራሴ ስል ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እማማ ደብሪቱ ቡናቸውን መውቀጥ አቆሙ።

"ምስክሩ አንድ ብቻ ነው?"

"አንድ።"

"አንድ ምስክር አይበቃትም፤ ይረቷታል! ሰውዬው የማን ዘር ነው? ለዳኛው ዘመድ ነው እንዴ?"

"አላውቅም፣ ገና አልደረስኩም።"

"ታዲያ ምን ያስቆምሻል? ቀጥዪ እንጂ!"

ሥራ ፈትቼ ለልጆች ያረጀ ወሬ ሳድል ከርሜያለሁ። የርስት ሙግት! በዚህ አገር የርስት ሙግት የሌለበት ቤት የት አለ? ሰው እንደ ሠርግ ለብሶ ችሎት ሲሰማ የሚውልበት አገር ነው።

በቀለች ድምፅ ከፈለገች ድምፅ ትሰማለች። ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ የማይመጣ ሰው አይኖርም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ረጅም ቀን። ሁሉንም ልጻፈው።

ቅዳሴ ወጣ፣ ታቦቱ ዞሮ ገባ፣ የበዓሉ ፈረሰኞች ከሜዳው ማዶ ፈረሳቸውን ያሟሙቃሉ። የኔታ ገብረ ማርያምን "ልጆቼ ትንሽ ያንብቡ" ብዬ ለመንኳቸው። "በቅጽሩ ውስጥ የዓለም ወረቀት አይነበብም" አሉ። ከበሩ ውጭ፣ ከጥዱ ሥር ቆምን። ሰው ከበበን። በክፉ ዓይን ነው የከበበን። አቶ ገበየሁ ከኋላ ቆመዋል፣ እጃቸውን አጣምረው።

ደርበውን "ጀምር" አልኩት። ወረቀቱን አወጣና፣ እንደ ልማዱ፣ ገለበጠው።

ይህን እንዴት ረሳሁት! ሴቶቹ "ኧረ እግዚኦ!" ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። አንዱ ሽማግሌ ዱላውን አነሣ። "ይኸው! ገልብጦ ነው የሚደግመው! በዓይናችን አየን!" ልጁ ደነገጠና ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ። እኔም አለቀልኝ አልኩ።

ያኔ ከበሩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። የኔታ ናቸው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸው እስኪያነባ። "ይህንን እኔ ነኝ ያበላሸሁት!" አሉ። "አንድ ዳዊት ለዚያ ሁሉ ልጅ! ከፊቴ የተቀመጠ ሁሉ ገልብጦ ነው የሚያነበው። እናንተስ ስንቶቻችሁ ከፊቴ ተቀምጣችኋል? አንተ፣ ዱላ ያነሣኸው፣ ያንተ ልጅ ድቁና ሊቀበል ሲሄድ ጳጳሱ ፊት ዳዊቱን አልገለበጠም?" ሰው ሳቀ። ዱላ ያነሣው ሰውዬ አቀረቀረ። የኔታ ወረቀቱን አንሥተው ለደርበው መለሱለት፤ "አንብብ፤ ግን ጮክ በል" አሉ።

ደርበው አነበበ። ያለምወርቅ ስንቋን ስትቋጥር፣ ስትነሣ። ወንዶቹ ጆሯቸውን ሰጡ። ሴቶቹ ግን "ምን አለ? ምን አለ?" ይባባላሉ። ለካ ግማሹ ሰው የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። በዚህ መሀል ከበቀለች ጎን ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ሸጋ ናት። ደርበው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያነብ እሷ ለእናቷ በአገውኛ ትነግራታለች። ሴቶቹ ዞረው ከበቧት። ደርበው አስተዋለና ይጠብቃት ጀመር። በመጨረሻ መጥታ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችው፣ ወደ ቀናው አዞረችው፤ ራሷ ታነባለች፣ ራሷ ትናገራለች። ያቺ ሰነፍ ናት ያልኳት ልጅ! የባሏን ወንድም ስትናገር ድምፁን አወፈረችው፣ ሆዱን ነፋችው።

አገውኛ ክልክል ነው ማለት ነበረብኝ። ግን ሕጉ ለትምህርት ቤቱ ግቢ ነው፤ ጥዱ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ነው።

"ሆዱ ከሱ ቀድሞ ችሎት ገባ" ስትል ሳቄ አመለጠኝ። አቶ ገበየሁ ዞር ብለው አዩኝ።

"ምን ያስቅሻል?"

"ሰው ሲስቅ ያስቀኛል።"

ሰው ገና አልሳቀም ነበር።

ሽማግሌው ምስክር ዋሻ ውስጥ ሲደበቅ ወረቀቱ አለቀ። "ከዚያስ?" አለ ሰው ሁሉ። "ለዛሬ በቃ" አልኩ። "እንዴት በቃ ይባላል! ሰውየው ተገኘ ወይስ አልተገኘም?"

"ሰኞ ጧት ክፍል ውስጥ ይነበባል" አልኳቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሸጋ መጣች። ከጠፉት ብዙዎቹ መጡ። መስኮቱ ላይ ሁለት እናቶች! አንድ ገጽ ብቻ አስነበብኩ፤ ልክ ዳኛው "ምስክሩን አምጡ" ሲል አቆምኩ። ጮኹብኝ። የቀረውን ለራሳቸው በልባቸው እንዲያነቡ ወረቀቱን አከፋፈልኩ። ጣሪያ የሚያይ ልጅ አጣሁ።

ሸጋን ስንት ጊዜ ከበር ውጭ እንዳቆምኳት አልቆጥርም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

አጭር። ሸጋ በአገውኛ የምትነግራቸው እናቶች ስድስት ሆነዋል፣ ሁለት አባቶችም "በዚህ ስናልፍ" ብለው ቆመዋል። በቀለች ሁልጊዜ አለች፤ የረገፈውን ገብስ ለቅማ ስትጨርስ በቀጥታ ወደዚህ ነው። ስለ በረዶው ማንም አላነሣም። ማንም ይቅርታም አልጠየቀኝም። በዚህስ እነሱና እኔ አንድ ነን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ችግር። አንድ ቅጠል ጎድሏል! ምስክሩ ከዋሻው ወጥቶ ወደ ችሎት ሲገባ ያለው። ዓለምነው ዘንድ ሮጥኩ፤ "አንድ ነገር ጠቅልዬበት ሸጬዋለሁ" አለ። ለማን? አያስታውስም።

ለልጆቹ ነገርኳቸው። እንዲፈልጉት አላዘዝኩም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

ልጆቹ አገሩን አስጨነቁት። በየቤቱ ጨው የተቋጠረበትን፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን፣ መደርደሪያ የተነጠፈበትን ሁሉ ያነባሉ። "ምንም አይልም" ያለኝ ልጅ የጎረቤቱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጨርሶ ስለ ባቡር ሐዲድ ይነግረኛል። ደርበው ደግሞ ተገልብጦ የተለጠፈውን ሁሉ ይዟል፤ እዚያ የሚወዳደረው የለም።

ቅጠሉ ተገኘ። የኔታ ቤት፣ ጌሾ ተጠቅልሎበት! "አነበቡት እንዴ?" አልኳቸው። "እኔ የዓለም ወረቀት አላነብም" አሉ። ቀጠሉና ደግሞ "ሽማግሌው ግን ጥሩ አደረገ" አሉኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

አቶ ገበየሁ ዛሬ አስቀምጠው አናገሩኝ። ልጆቹ ተመልሰዋል፤ ስለዚህ ንባቡን አይከለክሉም። የሚከለክሉት ሌላ ነው።

"መስኮቱ ይዘጋ። ትምህርት ቤት ገበያ አይደለም። አገውኛውም ይቁም። እኔ በሰልፍ እየከለከልኩ አንቺ በክፍል ታስተረጉሚያለሽ! መንግሥት ያስቀመጠኝ አማርኛ ላስተምር ነው።"

"አማርኛውን በደንብ የያዙት እኮ አሁን ነው። ሸጋ ካልገባት ለእናቷ ልትነግር አትችልም፤ ስለዚህ እስኪገባት ታነበዋለች።"

"ክርክር አልፈልግም። እሺ ወይስ እምቢ?"

ሦስት ወር ሙሉ ከእማማ ደብሪቱ ቤት የበላሁት፣ የለመድኩት አልጋ፣ የልጆቹ ፊት፣ ሁሉም በዓይኔ ዞረ። ፈራሁ። መፍራቴን መካድ አልችልም።

"እምቢ" አልኩ።

"እንግዲያው ረቡዕ ጧት እመጣለሁ። አንዲት የአገውኛ ቃል ከሰማሁ ወረቀቱን እሰበስባለሁ፣ በዚያው ቀን ወደ አውራጃው እጽፋለሁ።"

"ረቡዕ ፍርዱ የሚነበብበት ቀን ነው። ይምጡ።"

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ልብሴን አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩት። ካባረሩኝ ያኔ አጣጥፈዋለሁ፤ እኔ አላግዛቸውም።

ለሸጋ "ነገ በአማርኛ ብቻ አንብቢ" ልላት አስቤ ነበር። ሁለት ጊዜ አጠገቧ ደርሼ ተመለስኩ። አልልም! እንደዚያ ብላት እንደገና ከበር ውጭ እንዳቆምኳት ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ያመልጠኛል።

ጧት ሰንደቅ ዓላማው ከመሰቀሉ በፊት መስኮቱ ሞልቷል። በሩም። የኔታ "ለሌላ ጉዳይ" መጥተዋል፣ ምን ጉዳይ እንደሆነ አልተናገሩም። እማማ ደብሪቱ ከኋላ ወንበር ከልጆቹ ጋር ተቀምጠዋል። አቶ ገበየሁ ገብተው ከሰሌዳው ጎን ቆሙ። ማንንም ሰላም አላሉም።

ሸጋ ተነሣች። አንድ አንቀጽ በአማርኛ አነበበች። ዳኛው ተሰየመ፣ ሽማግሌው ሊምል ቀረበ፣ የባሏ ወንድም ከጥግ ሆኖ ያፈጥበታል። ጥርት ያለ ንባብ፤ አንዲት ፊደል አልሳተችም፣ አልጮኸችም፣ አልተጣደፈችም። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች። እኔም አየኋት። ምንም አላልኳትም። ወደ መስኮቱ ዞረችና በአገውኛ ጀመረች።

"በቃ!" አሉ አቶ ገበየሁ። "ወረቀቱን ወዲህ በይ።" እጃቸውን ዘረጉ።

ሸጋ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ያዘች። አልሰጠችም።

በቀለች ከመስኮቱ ተናገረች። ጮክ ብላ፣ ጣቷን ቀስራ፣ ወደ አቶ ገበየሁ እያየች። በመስኮቱና በበሩ ያለው ሰው ሁሉ "እንዲያ ነው" እያለ አጉረመረመ። አቶ ገበየሁ የተባለው አልገባቸውም። እዚህ አገር ስድስት ዓመት ሲኖሩ ይህን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ተናግሯቸው የማይገባቸው መሆኑ ዛሬ ገና የታወቃቸው መሰለኝ። ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን አለች?"

እኔ ገብቶኛል፤ ዳንግላ ከበር ውጭ ያቆመኝ ይኸው ቋንቋ ነበር። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። "ሸጋን ይጠይቋት" አልኳቸው፤ "ማስተርጎም የሷ ነው።"

ወደ ልጅቷ ዞሩ። ሸጋ ፊቷ ቀላ፣ ግን ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

"'ዝም ይበሉ፤ ዳኛው ገና አልፈረደም' ትላለች።"

አቶ ገበየሁ ክፍሉን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ በሩን አዩ። መውጫ እንኳ የለም፣ ሰው ሞልቶበታል። ደርበው ከወንበሩ ጫፍ ፈቀቅ አለላቸው። ቆይተው ተቀመጡ።

ሸጋ ወረቀቱን ከፈተች። ከድንጋጤ የተነሣ ቦታው ጠፍቷት በጣቷ መስመሩን ትፈልጋለች። "የት ደርሼ ነበር?" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ አቶ ገበየሁ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሡ፣

"ሽማግሌው ሊምል ሲል" አሉ።